ትምህርት ቤት ከትምህርት ሌላ ምን ይሠራል?

በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሬይ ሪስት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሴንት ሉዊስ ከተማ አንድ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሥራው ማየትና መጻፍ ነበር። ልጆቹ ጥቁሮች ናቸው፤ መምህርቷም እንዲሁ። ትምህርት በተጀመረ በ8ኛው ቀን መምህርቷ ቋሚ መቀመጫ ደለደለች። ሦስት ጠረጴዛ። 1ኛው እሷ አጠገብ፣ 2ኛውና 3ኛው ራቅ ብለው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ልጆቹ አንድም ፈተና አልወሰዱም። ታዲያ በምን ለየቻቸው?

ሪስት በደንብ ሲያጤን መልሱን አገኘው። 1ኛ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ልብሳቸው ንጹሕ፣ ፀጉራቸው የተበጠረ ነው። መምህርቷን ሳይፈሩ ያናግሯታል። አነጋገራቸው ትምህርት ቤቱ ከሚወደው እንግሊዝኛ ጋር ይቀራረባል። ቤተሰቦቻቸውም ከሌሎቹ ሻል ያለ ኑሮ አላቸው። 3ኛ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ደግሞ ልብሳቸው ያረጀ፣ ዝምተኞች፣ አንዳንዶቹም ጠረናቸው የሚያስቸግር ልጆች ናቸው። በአጭሩ፣ የተመዘነው ድህነት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። መምህርቷ አብዛኛውን ጊዜዋን ለ1ኛው ጠረጴዛ ሰጠች። ሰልፍ የሚመራው፣ የሚላከው፣ የሚጠየቀው ከዚያ ነው። ሩቅ የተቀመጡት በደንብ አይሰሙም፤ ስለማይሰሙ ያወራሉ፤ ስለሚያወሩ ትቆጣቸዋለች። በቀጣዩ ዓመት አዲሷ መምህርት ያለፈውን ዓመት መዝገብ አይታ ድልድሉን በመሠረቱ አስቀጠለችው። 2ኛ ክፍል ሲደርሱ ምድቦቹ ስም ወጣላቸው። ጎበዝ የተባሉት «ነብሮች»፣ መካከለኞቹ በአንዲት ወፍ ስም «ካርዲናሎች»፣ መጨረሻዎቹ «ቀልደኞች»። በዚህ ጊዜ ደግሞ የንባብ ውጤት የሚባል ነገር አለ። በ8ኛው ቀን በዓይን የተገመተው አሁን በወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር ሆነ። ማን ይከራከራል?

መምህርቷ ክፉ ሴት ነበረች ለማለት አይደለም። ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ፊደልና ቁጥር ከማስተማሩ ጎን ለጎን ለኅብረተሰቡ ምን እየሠራለት ነው? ኅብረተሰብን የሚያጠኑ ሶሲዮሎጂስቶች በዚህ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል፤ ዛሬም አልተስማሙም።

በጎ በጎውን ከሚያየው ወገን እንጀምር። ኤሚል ዱርኬም ፈረንሳዊ ነው፤ በ1858 ተወለደ። ልጅ ሳለ አገሩ በ1870 በተጀመረው ጦርነት በፕሩሲያ ተሸነፈች። ከዚያም ፓሪስ ውስጥ ወገን ከወገን ተዋጋ። ሕዝቡን አንድ አድርጎ የሚያቆመው ምንድን ነው የሚለው የምር ጥያቄ ሆነ። ዙፋኑ ወድቋል። ቤተ ክርስቲያንም ለሁሉም እኩል የምትሰማበት ዘመን አልፏል። ሪፐብሊኩ የተማመነው በትምህርት ቤት ነበር። በ1881 እና በ1882 በወጡ ሕጎች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነፃ፣ ግዴታና ከሃይማኖት የተለየ ሆነ። ዱርኬም በ1887 ቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ሲቀጠር ከሚያስተምራቸው መካከል መምህራን ነበሩበት። ስለዚህ ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አገር እንደገና ሲሠራ እያየ የጻፈው ነው።

ለእሱ አንድ ክፍል ትንሽ ኅብረተሰብ ነው። ቤት ውስጥ ሕጉ ይለሰልሳል፤ እናት አይታ እንዳላየች ታልፋለች፣ አያት ይደብቃሉ። ክፍል ውስጥ ግን ሕጉ የማንም ልጅ ሆንክ አይልም። ልጁ ከማይዛመዳቸው ሰዎች ጋር ተካፍሎ መኖርን፣ ተራ መጠበቅን፣ የራሱን ፍላጎት መግታትን የሚለምደው እዚያ ነው። አንድ ታሪክ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ዓይነት ትዝታ ይዘው የወጡ ልጆች ነገ በመንገድ ቢገናኙ ባይተዋወቁም አይጠፋፉም።

አሜሪካዊው ታልኮት ፓርሰንስ በ1959 ሐሳቡን አንድ እርምጃ ገፋው። ቤት ውስጥ ልጅ የሚወደደው የቤቱ ልጅ ስለሆነ ብቻ ነው። ሥራ ዓለም ላይ ግን ማንም በዚህ አይወደድም፤ የሚታየው የሠራው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያው ትምህርት ቤት ነው አለ። ያው ፈተና፣ ያው ሰዓት፣ ያው መለኪያ ለሁሉም።

ከዚያ በፊት በ1945 ኪንግስሊ ዴቪስና ዊልበርት ሙር የተባሉ ሶሲዮሎጂስቶች ይበልጥ ደፈር ያለ ነገር ጽፈው ነበር። ከባድ ሥራ ችሎታ ያለው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ለዓመታት ተምሮ እንዲደክም ማባበያ ያስፈልገዋል። ደመወዝና ክብር የሚበላለጡት ለዚህ ነው፤ ኅብረተሰብም ካለዚህ አይቆምም አሉ። በዚህ አስተሳሰብ ትምህርት ቤት ወንፊት ነው። ችሎታ ያለውን ያጠራል፣ የሌለውን ያስቀራል።

መልሱ በ1953 ከሌላ ሶሲዮሎጂስት፣ ከሜልቪን ቱሚን መጣ። ወንፊቱ ላይ ሳይደርሱ የቀሩትንስ ማን ቆጠራቸው? አለ። ቀድሞውኑ እኩል ባልሆነ ኅብረተሰብ ውስጥ የብዙ ሰው ችሎታ ሳይታወቅ ተቀብሮ ይቀራል። ተምሮ መድከም የሚባለውም ወጪው በወላጅ ለሚሸፈንለት ያን ያህል መስዋዕትነት አይደለም። ለእኔ ቱሚን ያሸነፈ ይመስለኛል። ግን የዴቪስና የሙር ሐሳብ ከሰው ጭንቅላት አልወጣም። «ጎበዝ ከሆነ የትም ይደርሳል» በምንልበት ጊዜ ሁሉ እነሱን እየደገምን ነው።

አሁን ወደ ተቺዎቹ። በ1968 ፊሊፕ ጃክሰን የሚባል የትምህርት ተመራማሪ ተራ ክፍሎች ውስጥ ገብቶ የልጆችን ውሎ አየ። ያስገረመው ትምህርቱ ሳይሆን ጥበቃው ነው። ልጅ እጁን አውጥቶ ይጠብቃል። ሽንት ቤት ለመሄድ ይጠብቃል። ጨርሶ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ሞቅ ባለ ሥራ ላይ እያለ ደውል ይደወልና ሥራው ይቋረጣል፤ ነገ ይቀጥላል። ይህ ሁሉ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ላይ የለም፤ ግን በየቀኑ ይማሩታል። ስሙ ስውር ሥርዓተ ትምህርት ነው።

ሳሙኤል ቦውልስና ኸርበርት ጊንቲስ የሚባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሰዎች በ1976 ይህን ይዘው ፋብሪካው በር ላይ አደረሱት። ሠራተኛ ምን እንደሚያመርት አይወስንም፤ ተማሪም ምን እንደሚማር አይወስንም። ሠራተኛው ለደመወዝ፣ ተማሪው ለማርክ ይሠራል። አለቃና ምንዝር በሁለቱም ቦታ አለ። ከዚህም አልፈው ትምህርት ቤቱ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ እንደማይቀርጽ አሳዩ። የነገ ተራ ሠራተኞች የሚማሩበት ቦታ ላይ ትእዛዝ ማክበር ይወደሳል። የነገ አለቆች በሚማሩበት ደግሞ በራስ መመራት፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ መከራከር ይበረታታል።

ነገሩ ያሳምናል። ትንሽ ችግሩ ከመጠን በላይ መግጠሙ ነው። ተማሪ ሁሉ በተቀረጸበት የሚወጣ ሸክላ ይመስል። ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር ይዞ የሚበጠብጠውን ልጅ የት እናስቀምጠው?

ፖል ዊሊስ የሄደው እዚያ ኋላ ወንበር ላይ ነው። በእንግሊዝ አንድ የኢንዱስትሪ ከተማ ውስጥ የሠራተኛ መደብ ልጆች የሆኑ 12 ወንዶችን ከትምህርታቸው ማብቂያ ጀምሮ ሥራ እስኪገቡ ተከተላቸው። ጥናቱን በ1977 አሳተመ። ልጆቹ አስቸጋሪዎች ናቸው። ይፎርፋሉ፣ መምህር ላይ ይሳለቃሉ፣ ክፍል ውስጥ ያሽካካሉ። ታዛዥ ተማሪዎችን «ጆሮ» እያሉ ይስቁባቸዋል፤ ሲሰሙ እንጂ ሲሠሩ አይታዩም ለማለት ነው። ዊሊስ ግን ደደቦች አላላቸውም። እንዲያውም ብዙ መምህር ያላየውን አይተዋል። የምስክር ወረቀቱ ሁሉም እጅ ከገባ ዋጋ እንደማይኖረው ገብቷቸዋል። ከእነሱ ውስጥ አንዱ ቢያልፍለትም መደባቸው እዚያው እንደሚቀር ገብቷቸዋል። እና ናቁት። መጽሐፉን ጥለው፣ ቀልዳቸውንና ወንድነታቸውን ይዘው፣ በኩራት ወደ አባቶቻቸው ፋብሪካ ገቡ። ማንም አላስገደዳቸውም። ሥርዓቱን አሸነፍን ያሉበት መንገድ ሥርዓቱ ወደሚፈልጋቸው ቦታ ወሰዳቸው። ስለ ትምህርት ከተጻፉት ሁሉ እንደዚህ የሚከነክነኝ የለም።

ከተቺዎቹ ሁሉ በጣም የተጠቀሰው ግን ፒየር ቡርዲዩ ነው። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ገጠር የተወለደ የፖስተኛ ልጅ ነው። ፓሪስ ወጥቶ የአገሩ ምርጥ ተማሪዎች በሚገቡበት ትምህርት ቤት ተማረ። ስለዚህ ባዳ መሆን ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ሀብት ገንዘብ ብቻ አይደለም አለ። መጽሐፍ በሞላበት ቤት ማደግ፣ ቃላት መምረጥ፣ ሙዚየም ውስጥ ሳይደናገጡ መዘዋወር፣ ከትልቅ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን እያዩ ማውራት፤ ይህም ሀብት ነው። የባህል ካፒታል ይለዋል። ከወላጅ ይወረሳል፤ ግን የውርስ ወረቀት ስለሌለው የተፈጥሮ ተሰጥኦ ይመስላል።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። የቡርዲዩ ክስ ከዚህ አይርቅም። ትምህርት ቤት በግልጽ ሳያስተምር የሚፈርድበት ነገር አለ። መምህሩ አንዱን ጽሑፍ «ሕይወት አለው» ይልና ሌላውን «ደረቅ ነው፣ ሸምድዶ ነው» ብሎ ማርክ ይቀንሳል። ሁለተኛው ልጅ የተባለውን ሁሉ አጥንቷል። ያልያዘው በመጽሐፍ ያልነበረውን ነው። በእራት ሰዓት ወሬ፣ ከአባትና ከእናት አፍ የሚለቀመውን ማለት ነው። ከዚያ ልጁ «እኔ ለትምህርት አልተፈጠርኩም» ብሎ ራሱን ያሳምናል። ከመሸነፉ በላይ ሽንፈቱን በገዛ እጁ ፈርሞ መቀበሉ ነው የሚያሳዝነው።

ይህን በተግባር ማየት የፈለገ አኔት ላሮን ያንብብ። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቤተሰቦች ቤት ገብታ ውሏቸውን ተከታተለች፤ መጽሐፏ በ2003 ወጣ። አንዲት ኑሮዋ የተሟላ እናት ልጇን ሐኪም ዘንድ በመኪና ስትወስደው መንገድ ላይ «ዶክተሩን የምትጠይቀውን ከአሁኑ አስብ» ትለዋለች። ልጁም ሐኪሙ ፊት ይጠይቃል፣ ያቋርጣል፣ ያርማል። ሐኪሙ ደስ ብሎት ይመልሳል። ከሠራተኛና ከድሃ ቤት የመጡት ልጆች ተመሳሳይ ቦታ ላይ አቀርቅረው ሲጠየቁ ብቻ ይመልሳሉ። ላሮ ድሆቹን አላሳነሰቻቸውም። እንዲያውም ልጆቻቸው ይበልጥ ነፃ ሆነው ይጫወታሉ፣ ታላላቆቻቸውን ያከብራሉ፣ አይነጫነጩም ትላለች። ችግሩ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት የሚሸልሙት የመጀመሪያውን ልጅ ዓይነት ጠባይ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ወገን ስለ ትልቁ ሥርዓት ብዙም አይጨነቅም። ሁለት ሰዎች ሲተያዩ ምን ይፈጠራል ነው የሚለው። ሪስት ከዚህ ወገን ነው። በ1968 የወጣው የሮበርት ሮዘንታልና የሌኖር ጃኮብሰን ሙከራም በብዛት የሚነሳው እዚህ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ተራ የአእምሮ ፈተና ሰጧቸው። ለመምህራኑ ግን ፈተናው በቅርቡ የሚያብብ ልጅ ይለያል አሏቸው። ከዚያ 20 በመቶ ገደማ የሚሆኑ ስሞችን በዕጣ አወጡና «እነዚህ ናቸው» ብለው ሰጡ። በዓመቱ መጨረሻ፣ በተለይ 1ኛና 2ኛ ክፍል ላይ፣ ዕጣ የወጣላቸው ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ ውጤት አስመዘገቡ።

ይህ ሙከራ በየሥልጠናው ላይ እንደ ተአምር ይወራል። ረጋ ማለት ይሻላል። አለካኩ ብዙ ተተችቷል፤ በኋላ የተደረጉ ድግግሞሾችም በጥቅሉ አነስ ያለ ውጤት ነው ያገኙት። ነገር ግን ስቲቨን ራውደንቡሽ በ1984 ጥናቶቹን ሰብስቦ ሲያወዳድር አንድ ነገር አስተዋለ። መምህሩ ልጆቹን ሳያውቃቸው በፊት የተነገረው ነገር ይሠራል። ከሁለት ሳምንት በላይ ካወቃቸው በኋላ የመጣ ወሬ ግን ለውጥ የለውም ማለት ይቻላል። ለእኔ ከዋናው ሙከራ ይህ ይበልጣል። አደገኛዎቹ ቀናት የመጀመሪያዎቹ ናቸው ማለት ነው።

ስለ ወረቀቱም ጥቂት ልበል፤ ዲግሪና ዲፕሎማ ማለቴ ነው። ጀርመናዊው ሶሲዮሎጂስት ማክስ ቬበር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት፣ ሰው ሁሉ የምስክር ወረቀት የጠየቀው ድንገት የእውቀት ጥም ይዞት አይደለም ብሎ ነበር። ወንበሩን ለጥቂቶች ለማስቀረት ነው። ራንዳል ኮሊንስ በ1970ዎቹ ይህን ሐሳብ አፍታታው። ቀጣሪ የሚጠይቀው የትምህርት ደረጃ የጨመረው ሥራው በዚያው ልክ ስለከበደ ብቻ አይደለም። ትላንት በ12ኛ ክፍል የሚሠራ ሥራ ዛሬ ዲግሪ ይጠየቅበታል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ዲግሪ የያዘ ሲበዛ መስፈርቱ ወደ ማስተርስ ከፍ ይላል። ሮናልድ ዶር በ1976 እንዳለው ደግሞ፣ ዘግይቶ ወደ ኢንዱስትሪ የገባ አገር ይህ በሽታ ይበረታበታል። ዘመናዊ ሥራ ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው፣ መለያው ወረቀት ብቻ ነው። ያኔ መማር ቀርቶ ማለፍ ይሆናል። መምህሩ ከፈተናው ውጪ የሆነ ነገር ሲያነሳ ተማሪው «ይሄ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪውን ሰነፍ ማለት ቀላል ነው። እሱ ግን ሒሳቡን በትክክል ነው የሠራው።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው ትምህርት ቤት የእኩልነት ጠላት ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። እኔ እዚህ ላይ ከተቺዎቹ እለያለሁ።

በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ በትምህርት ዕድል ላይ ጥናት እንዲደረግ አዘዘ። ጄምስ ኮልማን የመራው ቡድን በ4,000 ገደማ ትምህርት ቤቶች ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን አጥንቶ በ1966 ሪፖርቱን አወጣ። ብዙ ሰው የጠበቀው የሕንፃው፣ የላቦራቶሪው፣ የበጀቱ ልዩነት የውጤቱን ልዩነት ያስረዳል ብሎ ነበር። የተገኘው ሌላ ነው። ውጤትን ከምንም በላይ የሚተነብየው የልጁ ቤተሰብ ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ አብረውት የሚማሩት ልጆች እነማን መሆናቸው። አንዳንዱ ሰው ይህን «ትምህርት ቤት ለውጥ አያመጣም» ብሎ ተረጎመው። ትርጉሙ የተሳሳተ ይመስለኛል። ኮልማን ያወዳደረው ትምህርት ቤትን ከትምህርት ቤት ጋር እንጂ ትምህርት ቤትን ከባዶ ጋር አልነበረም።

ከባዶ ጋር የማወዳደሩ ዕድል ማንም ሳይፈልገው በ2020 መጣ። ኮሮና በተስፋፋበት ጊዜ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ቀሩ። ኔዘርላንድስ ውስጥ መዘጋቱ አጭር ነበር፤ 8 ሳምንት። ኢንተርኔቱም ከዓለም ምርጥ ከሚባሉት ነው። አገሪቱ ከመዘጋቱ በፊትም በኋላም ልጆቹን ትፈትን ስለነበር ተመራማሪዎች በትክክል ማወዳደር ቻሉ። በ2021 የወጣው ውጤት እንደሚለው ልጆቹ ቤት በነበሩበት ጊዜ የተማሩት እምብዛም ነው፤ ከአንድ የትምህርት ዓመት አንድ አምስተኛው ያህል ጎድሏቸዋል። ወላጆቻቸው ብዙም ያልተማሩ ልጆች ላይ ደግሞ ጉድለቱ እስከ 60 በመቶ የባሰ ነበር።

ትምህርት ቤት ዋናው የልዩነት ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ሲዘጋ ልዩነቱ መጥበብ ነበረበት። ሰፋ። ያ ሁሉ ደውልና ሰልፍ፣ ያ ሁሉ ጥበቃ፣ አድሎም ጭምር እያለ፣ ለድሃ ልጅ ከቤቱ ይልቅ ትምህርት ቤቱ ወደ እኩልነት የቀረበ ቦታ ሆኖ ተገኘ። ቡርዲዩ ስለ ማኅተሙ እውነቱን ነው። ትምህርት ቤት ልዩነትን «ይገባዋል» ብሎ ያትማል። ማኅተሙን የያዘው እጅ ግን ልዩነቱን ከፈጠረው እጅ ጋር አንድ አይደለም።

በዚህ ላይ የሚደረገው ጥናት ገና ይጦፋል። ዳግላስ ዳውኒና ባልደረቦቹ በ2004 የአሜሪካ ሕፃናትን በትምህርት ወራትና በረጅሙ የዕረፍት ወራት አነጻጽረው ነበር። በሀብታምና በድሃ ልጆች መካከል ያለው ክፍተት ይበልጥ የሚሰፋው በዕረፍቱ ወራት ሆኖ አገኙት። በጥቁርና በነጭ ልጆች መካከል ያለው ግን በተቃራኒው በትምህርት ወራት ሰፋ። ይህ ለተቺዎቹ የሚቀር ትልቅ ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፖል ፎን ሂፔልና ኬትሊን ሃምሮክ በ2019 ቁጥሮቹን እንደገና አበጠሯቸው። ክፍተቱ የት እንደሚሰፋ የሚሰጠው መልስ ፈተናው በሚለካበት መንገድ እንደሚለዋወጥ አሳዩ። አንድ ነገር ብቻ በየትኛውም መለኪያ ብዙም አልተነቃነቀም፤ የክፍተቱ አብዛኛው ክፍል ልጆቹ በ5 ዓመታቸው ትምህርት ቤቱን ሲረግጡ አብሯቸው የገባ ነው።